ሁለት መጋቢ ያለበት ቤት

በጃቫ የሚጻፍ ሰፊ ፕሮግራም፣ ክፍሎቹ የሚሹትን አገልግሎት በየፊናቸው እንዳይፈጥሩ፣ ሁሉን በመዝገብ ይዞ ለየጠያቂው የሚያድል አንድ መጋቢ ይሾምለታል፤ ይህም እኛ የሙያው ሰዎች ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የምንለው ሥርዐት ነው። ከመጋቢዎቹ አንዱ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጁስ ሲሆን፣ ሌላው ከግላስፊሽ ሰርቨር ጋራ ያደገው ኤችኬ2 ነው። ፕሮግራሙን በጁስ ያደራጀ ሰው የድር አገልግሎቱን በጄርሲ 2 ልሥራ ባለ ጊዜ፣ ጄርሲ የገዛ ክፍሎቹን የሚያስተዳድረው በኤችኬ2 ስለ ሆነ፣ ሳይሻው የሁለት መጋቢዎች ጌታ ሆኖ ይገኛል።

ሁለቱን የሚያገናኝ፣ በኤችኬ2 ሠሪዎች የተዘጋጀ ድልድይ አለ፤ አሠራሩም ቀላል ነው፤ አንዱ ከመዝገቡ ያጣውን ከሌላው ይለምናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጸደቀው በጄኤስአር 330 ቀኖና መሠረትም ሁለቱ «ኢንጀክት» እና «ሲንግልተን» የሚባሉትን ምልክቶች በአንድነት ያነባሉና፣ ላይ ላዩን ለተመለከተው ፍጹም ስምምነት ያላቸው ይመስላል።

ነገር ግን ሲንግልተን የተባለውን፣ ማለትም «አንድ ብቻ ይፈጠር» የሚለውን ትእዛዝ እያንዳንዱ መጋቢ የሚፈጽመው በገዛ መዝገቡ ወሰን ውስጥ ነው። የጁስም ጠባይ ከልክ ያለፈ ለጋስ ነው፤ በመዝገቡ ያልሰፈረ ክላስ ሲጠየቅ፣ ተስማሚ ኮንስትራክተር እስካገኘለት ድረስ፣ አላውቀውም ሳይል ወዲያው ፈጥሮ ይሰጣል። እንግዲህ ሂካሪን የመሰለ የዳታቤዝ ግንኙነት ፑል በውስጡ የያዘ ክላስ በኤችኬ2 ተመዝግቦ ሳለ በጁስ በኩልም ቢጠየቅ፣ ሁለት ፑሎች ይፈጠራሉ፤ ሂካሪ ሌላ ካልታዘዘ እስከ 10 ግንኙነት የሚከፍት ስለ ሆነም፣ 10 የጠበቀው ዳታቤዝ 20 ይመጡበታል። በሎጉ ላይ ስሕተት ተብሎ የሚጻፍ አንዳች ቃል የለም፤ እኔም ከዚህ ሙያ ደዌዎች ሁሉ ይህን ዝምተኛውን አብልጬ እፈራለሁ።

ስለዚህ በእኔ ፍርድ፣ ድልድዩ በሁለቱም ወገን መመላለስን ቢፈቅድም፣ በአንድ ወገን ብቻ ሊኬድበት ይገባል፤ የፕሮግራሙ አገልግሎት ሁሉ በጁስ መዝገብ ይስፈር፣ ጠያቂው ኤችኬ2 ይሁን፤ ጁስም ያልተመዘገበውን እንዳይፈጥር «ሪኳየር ኤክስፕሊሲት ባይንዲንግስ» በሚለው ትእዛዝ ይታሰር። ይህም ያለ ድካም አይገኝም፤ ኤችኬ2 በሚዘጋበት ሰዓት «ፕሪ ዲስትሮይ» የተባለውን የስንብት ሥርዐት ሲፈጽም፣ ጁስ በራሱ እንዲህ ያለ ልማድ የለውምና፣ ፑሉን የመዝጋቱ ግዴታ በፕሮግራመሩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ወደ ጄርሲ 3 የምትሻገር አንባቢ ሆይ፣ የምልክቶቹ ስም በዚያ ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ተለውጧል፤ ጁስ 6 ሁለቱንም ስሞች፣ ጁስ 7 ግን ጃካርታን ብቻ የሚቀበል ነውና፣ ድልድዩን ከመንካትህ አስቀድመህ የኢምፖርቱን መስመሮች መርምር።