ትንሿ ሣጥንና የማይናወጥ ቮልቴጅ

ጉግል ከዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጀው ውድድር ጥያቄው አጭር ነበር፦ 2 ኪሎዋት የሚሰጥ ኢንቨርተር ከ40 ኪዩቢክ ኢንች ባነሰ ሣጥን ውስጥ ሥሩ። ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር። በ2016 ያሸነፈው የቤልጅየሙ ሲኢ ፕላስ ቲ ፓወር ቡድን ሣጥን 14 ኪዩቢክ ኢንች ገደማ ነበር። ብዙ ሰው ማነሱን ያደንቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ያን ያህል አንሶም የግብአቱን ቮልቴጅ አለማናወጡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ አንድ ፌዝ ኢንቨርተር የሚቀበለው የረጋ ዲሲ ነው፤ የሚሰጠው ኃይል ግን አይረጋም። ኤሲው 60 ኸርዝ ሲሆን ኃይሉ በሰከንድ 120 ጊዜ (በእኛ 50 ኸርዝ 100 ጊዜ) ከዜሮ ተነሥቶ 4 ኪሎዋት ይደርስና ይወርዳል፤ 2 ኪሎዋት አማካዩ ነው። ይህን ውጣ ውረድ መሀል ላይ የሚይዘው ከሌለ ወደ ግብአቱ ይዘልቃል። የውድድሩ ደንብ ደግሞ ግብአቱ ላይ ከ3 በመቶ በላይ የቮልቴጅ መዋዠቅን አይፈቅድም ነበር።

የተለመደው መላ ትልቅ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር መግጠም ነው። ስሌቱን ብንሠራው፣ በየዙሩ ገብቶ የሚወጣው 5.3 ጁል ያህል ነው፤ ቮልቴጁ በ3 በመቶ ብቻ እንዲነቃነቅ ግን ካፓሲተሩ ወደ 88 ጁል ተሸክሞ መቆየት አለበት። ጎተራ ሙሉ እህል አከማችቶ ከላይ ከላዩ እፍኝ እንደ መዝገን ነው። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት እየደረቀ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ቤልጅጎቹ ሌላ መንገድ ሄዱ። ትንንሽ የሴራሚክ ካፓሲተሮችን ከዋናው መስመር ለይተው፣ በመካከላቸው ትራንዚስተሮችና የሽቦ ጥቅልል አስገቡ። ዋናው መስመር ረግቶ ሳለ የሴራሚኮቹ ቮልቴጅ በሰፊው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ካከማቹት ውስጥ ብዙው ሥራ ላይ ይውላል። የጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተሮች በጣም ፈጥነው ስለሚከፍቱና ስለሚዘጉ ጥቅልሉም ትንሽ ሆነ። ይህ ሁሉ የሚያምረው ግን ትርፉን ኃይል በልኩ ወስዶ በሰዓቱ የሚመልስ መቆጣጠሪያ ሲኖር ነው። ጥቂት ቢዘገይ ሊያበርደው የመጣውን ሞገድ ያባብሰዋል።

ሣጥኑ የውድድሩን የ100 ሰዓት ፈተና ጨርሶ ወጥቷል። ኢንቨርተር የምትሠሩና የምትጠግኑ ወገኖች፣ የኤሲውን ሞገድ ማማር ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ኦሲሎስኮፑን ዲሲው ላይም አድርጋችሁ እዩት።