የቆዳው ኳስና የተጫዋቹ ግንባር

የጥንት የእግር ኳስ ዕቃ ዛሬ በአውሮፓ ትልቅ ክብር አግኝቷል። አፉ በጠፍር የተቋጠረው ቡናማ የቆዳ ኳስ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍነው ታኬታ፣ ወፍራሙ የጥጥ ማሊያ በሙዚየም የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይታያሉ፤ ሰብሳቢዎችም በብዙ ገንዘብ ይገዟቸዋል። ስለ እነዚህ ዕቃዎች ከሚሰጠው አስተያየት ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ያመሰግናል፤ ዕቃው ጠንካራ ነበር፣ የለበሰውም ሰው እንዲሁ ጠንካራ ነበር ይላል። ሁለተኛው ይወቅሳል፤ ዕቃው ከባድና ጎጂ ነበር፣ ደግነቱ ዛሬ ቀርቷል ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንድ ዋና ነገር ዘንግተዋል፤ ይኸውም ዕቃው የሥራ መሣሪያ፣ የለበሰውም ሰው ደመወዝተኛ ሠራተኛ መሆኑን ነው።

ለዚህ የእንግሊዝን አገር ምሳሌ እናቀርባለን፤ ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያ አገር የሊግ ተጫዋች ደመወዝ ከ1901 እስከ 1961 ድረስ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ በደንብ ታግዶ ነበር። ልኩ ሲጀመር በሳምንት 4 ፓውንድ፣ ሲሻር 20 ፓውንድ ነበር። ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ ሜዳውን ከሚሞላው የፋብሪካና የማዕድን ሠራተኛ ሕዝብ መካከል የወጡ ነበሩ። ጫማቸው እንኳ የሥራ ጫማ ይመስል ነበር፤ አፍንጫው ደንዳና ሆኖ በሶሉ ላይ የቆዳ ጥርስ በምስማር ይመታበታል።

የጨዋታው ሕግ ስለ ኳሱ ክብደት የሚለውም ልብ ሊባል ይገባዋል። ከ1937 ጀምሮ ኳሱ ከ14 እስከ 16 አውንስ እንዲመዝን ታዘዘ፤ ይህም ከዛሬው ኳስ እምብዛም አይለይም። ነገር ግን ሕጉ የሚናገረው ጨዋታው ሲጀመር ስለሚኖረው ክብደት ነበር። ቆዳ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ በዝናብና በጭቃ ኳሱ እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ዳኛው ደረቁን ኳስ ተቀብሎ ጨዋታውን ሲያስጀምር፣ የርጥቡን ኳስ ክብደት ያወቀው በቴስታ የሚመታው ተጫዋች ነበር።

ጄፍ አስል ከእነዚህ ተጫዋቾች አንዱ ነው። በ1942 ኢስትውድ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ተወለደ፤ በ1968 የእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ለዌስት ብሮሚች አልቢዮን ብቸኛውን ግብ አስቆጠረ፤ በቴስታ ችሎታውም የታወቀ ነበር። በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት፣ የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረው ሹም በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ነው ሲል ፈረደ። ይህ ፍርድ ከብዙ የዕቃ አድናቂዎች ጽሑፍ የበለጠ ትክክለኛ ሂስ ይመስለናል፤ ኳሱን በሥራ መሣሪያነቱ መዝኖታልና።

እንግዲህ ጥፋቱ የቆዳው ነው እንበልን? ይህም አያስኬድም። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እንዳስታወቁት፣ የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾች በአንጎል መድከም በሽታዎች የመሞታቸው ነገር ከሌላው ሕዝብ 3 ተኩል እጥፍ ያህል ነው። በ2021 ባወጡት ተከታይ ጥናት ደግሞ ብዙ ቴስታ የሚመቱት ተከላካዮች ይበልጥ ተጎድተው ሲገኙ፣ በረኞች ግን ከሌላው ሕዝብ እምብዛም አልተለዩም። በቀደመው ዘመንና በኋለኛው ዘመን ተጫዋቾች መካከልም ልዩነት አልታየም። እንግዲያው ቆዳውን ብቻ የሚወቅስ ሰው ሳያውቀው የዛሬውን ኳስ ነጻ ያወጣል።

ስለ አሮጌ ዕቃ የሚጽፍ ሰው ውበቱን መናገሩን አንቃወምም፤ እኛም ያንን ኳስ በሥዕል ስናየው ደስ ይለናል። ሆኖም ኳሱ ስንት አውንስ ነበር ከሚለው ጥያቄ ጋር፣ ያ ሰው በሳምንት ስንት ጊዜ በግንባሩ መታው፣ ለዚህስ ምን ተከፈለው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህን ካልጠየቀ የመሣሪያውን ታሪክ ጽፎ የሠራተኛውን ታሪክ ትቶታል ማለት ነው።