የሐርለም ኢትዮጵያ፦ ስለ አንድ የክላውድ ማኬይ ልብ ወለድ

ባለፈው ዓመት እንጅባራ ላይ ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንዲት ተማሪ «እነሱ ለእኛ ሰልፍ ሲወጡ፣ እኛ ምን አልናቸው?» ስትል ጠየቀችኝ። እ.ኤ.አ. በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር በኒው ዮርክ የሐርለም ጥቁሮች ስላደረጉት ንቅናቄ እያወሳን ነበር። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የጥቁር ብሔርተኝነት በአሜሪካ ባህል ውስጥ ያኖረውን ቅርስ በአንድ ልብ ወለድ በኩል እየተመለከትሁ መልሱን ለመፈለግ እሞክራለሁ።

ልብ ወለዱ የጃማይካ ተወላጁ ክላውድ ማኬይ የጻፈው «አሚያብል ዊዝ ቢግ ቲዝ» ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1941 ቢጽፈውም ሳይታተም ቀርቶ፣ ረቂቁ በ2009 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከተቀመጡ ሰነዶች መካከል ተገኘ፤ በ2017 ለኅትመት በቃ። ርእሱ ፈገግታው ጥርሱን ስለሚያስረሳ ወዳጅ የሚናገር ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር የበግ ለምድ ከለበሰው ተኩላ ጋር ይዛመዳል።

መቼቱ ሐርለም ነው። ልጅ ተክላ አላማያ የተባለ ኢትዮጵያዊ ልዑክ ሲመጣ ሕዝቡ በእልልታ ይቀበለዋል። ጥቁሩ ባለሀብት ፓብሎ ፔይሾታ «እጅ ለኢትዮጵያ» የተሰኘ የርዳታ ማኅበር ይመራል። ማክሲም ታሳን የተባለው የኮሚንተርን ሰው ደግሞ ንቅናቄውን በእጁ ለማስገባት ያሴራል። በመካከላቸው የጦር አዛዥ ልብስ የለበሰው ፕሮፌሰር ኮአዢ አለ።

ኮአዢን ለመረዳት ማርከስ ጋርቪን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጋርቪ እ.ኤ.አ. በ1914 የመሠረተው ማኅበር በ1920 ኒው ዮርክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ኢትዮጵያን የአባቶች ምድር የሚል መዝሙር የማኅበሩ መዝሙር አድርጎ ተቀብሏል። ጋርቪ በ1927 ከአሜሪካ ቢባረርም ሰልፉ፣ ማዕረጉና የደንብ ልብሱ በሐርለም መንገዶች ላይ ቀሩ። ማኬይ በዚህ ትርኢት ይስቃል፤ ይሁንና ከሥሩ ያለውን ቁም ነገር አይንቅም። ቁም ነገሩ ጥቁር ሕዝብ ማኅበሩን ራሱ ይምራ የሚለው ነው። መዝሙረ ዳዊት እጅ የምትዘረጋ ኢትዮጵያን ያውቃል፤ በልብ ወለዱ ግን እጁን የሚዘረጋው ሐርለም ነው።

የድርሰቱ ድክመት፣ በእኔ አስተያየት፣ ልዑኩ ላይ ይታያል። አላማያ በሌሎች ሴራ መካከል የሚጎተት እንጂ የራሱ አገር ትዝታ ያለው ሰው ሆኖ አልተሣለም። ኢትዮጵያ እንደ ዓርማ ትውለበለባለች፤ አትናገርም። ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በደራሲው ላይ ልንጥለው አንችልም፤ ከእኛ በኩል የሰማው ድምፅ ጥቂት ነበርና።

በዚያን ዘመን ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር አይቆጥሩም የሚል ወሬ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ ይናፈስ ነበር። ወሬው መሠረት አልነበረውም ለማለት አልደፍርም። «ባሪያ» በእኛ አፍ ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው። ጋርቪ ራሱ ከወረራው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን በብርቱ ሲነቅፍ ይህን ሳያነሣ አላለፈም።

ለተማሪዬ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1935 ተመረቁ፤ ጥቁር አሜሪካዊቷን ዶሮቲ ሐድሊን አገቡ። በ1936 የንጉሠ ነገሥቱ ልዑክ ሆነው ወደ አሜሪካ ተመለሱ፤ ነሐሴ 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በኒው ዮርክ መሠረቱ። «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተሰኘውም ጋዜጣ የዚሁ ማኅበር ነበር። አላማያ ያልተናገረውን የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ወሬውን በቃልም በኑሮም አስተባብለዋል።

በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ የዐድዋንና የአርበኞችን ውለታ የማያውቅ ተማሪ የለኝም። ዶክተር መላኩ ኒው ዮርክ ላይ፣ ጋርቪም ለንደን ላይ ያረፉት በዚያው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ አንዱ በሚያዝያ፣ ሌላው በሰኔ። ሁለቱን ከክፍሌ የሚያውቃቸው አልነበረም። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ዐድዋን የሚያነበው በአገር ቤት ብዕር ብቻ በመሆኑ፣ ድሉ ባሕር ማዶ የወለደው ድርሰት ከጓዳችን ውጭ ቀርቷል። በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ከማኬይ ልብ ወለድ የተመረጡ ምዕራፎችን ከዶክተር መላኩ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ለማስነበብ አስቤአለሁ። ጠያቂዋ ተማሪም በዚሁ ርእስ ላይ የመመረቂያ ጽሑፏን ጀምራለች።