የውሰት ቃል ምን ያህል ይመሰክራል?

የቁርኣንን ቃላት አመጣጥ የሚመረምሩ የሥነ ልሳን ጥናቶች ግእዝን ደጋግመው ይጠቅሳሉ። ቴዎዶር ኖልደከ እ.ኤ.አ. በ1910፣ አርተር ጄፈሪም በ1938 ባሳተሟቸው ሥራዎች «ሐዋሪዩን» የሚለውን ቃል ከግእዙ «ሐዋርያ» ጋር አዛምደዋል። በእኔ አስተያየት ማስረጃው ጠንካራ ነው። በግእዝ «ሖረ» ሄደ ማለት ነውና ቃሉ ከነቤተሰቡ ይገኛል፤ በዐረብኛ ግን አንዳንድ ተርጓሚዎች ከልብስ ንጣት ጋር ሊያያይዙት ተገድደዋል።

በ2000 ክሪስቶፍ ሉክሰንበርግ በሚል የብዕር ስም የወጣው መጽሐፍ ሌላ መንገድ ይከተላል። ትርጉሙ አስቸጋሪ መስሎ በታየበት ቦታ የፊደሉን ነጥብ እየለወጠ የሱርስት ቃል ያነባል። ነጥብ እንደ ልብ ከተለወጠ ግን የተፈለገው ሁሉ ይገኛል፤ አንባቢውን የሚያርመው ነገር አይኖርም።

ጠንካራው ማስረጃም ቢሆን ወሰን አለው። የግእዙ «መስኮት» ብርሃን የሚገባበት ነው፤ ከእርሱ እንደመጣ የሚነገርለት «ሚሽካት» ግን በ24ኛው ምዕራፍ መብራት የሚቀመጥበት የግድግዳ ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ስለዚህ የውሰት ቃል በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የነበሩ ሕዝቦችን ግንኙነት ይመሰክራል እንጂ መጽሐፉ ከግእዝ ተቀዳ አያሰኝም። ቃሉ ከየት እንደመጣ መዝገበ ቃላት ይጠቁመናል፤ ምን እንደሚል የሚነግረን ግን የገባበት ዐረፍተ ነገር ነው።