ውሃው የት ገባ? ስለ አደባባይ ሥዕሎቻችን

የአደባባይ ጥበብ ሲነሣ የሁላችንም እግር ወደ አዲስ አበባ ይሮጣል። እሺ፤ እንሂድና እንይ።

በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል አለ፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። የአፍሪካ ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ተከፍሎ ቀርቦበታል። ዘንዶው ምን እንደሆነ፣ ችቦው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም፤ እንዲያውም ምሳሌው ለኔ ትንሽ ይበዛብኛል። ሥዕሉን ያዳነው ብርሃን ነው። መስታወት በመሆኑ የነሐሴ ደመና ሲጋርደው ይደበዝዛል፤ የጥቅምት ፀሐይ ሲያገኘው ይነዳል። ሠዓሊው ያልሣለው ሰማይ በየቀኑ እየገባ ያግዘዋል።

ወደ ቸርችል ጎዳና ስንመጣ ደግሞ 50 ሜትር ቁመት ያለው የ«ትግላችን» ሐውልት ቆሟል። በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ተሠርቶ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በመስከረም 1977 ተመረቀ። በጥቅምት የኮረም ረሃብተኞች ምስል በቴሌቪዥን ዓለምን አዳረሰ። ቀራፂው ይህን በምን ያውቃል የሚል ይኖራል። ቀራፂውስ አያውቅ ይሆናል፤ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ግን ገና በመጋቢት 1976 ለለጋሾች አቤት ብሎ ነበር። ሙያውን አልነቅፍም። ነገር ግን ስለዚያ ዓመት ሰማይ ድንጋዩ ጭጭ ነው! ዝናብ የማይዘንብበት፣ ድርቅም የማይደርስበት አገር ላይ የቆመ ሕዝብ ነው የሚያሳየን።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከጊንጪ ደጋ የሚነሣው አዋሽ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ይቀራል። የኛ ሁሉቃ ግን ከጉደር ጋር ሆኖ ወደ ዓባይ ይነጉዳል። ባንድ ምዕራብ ሸዋ ትከሻ ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ እዚሁ ሲሰምጥ ሌላው ግብፅ ይገባል ማለት ነው። አገር ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ቀራፂ ከዚህ ወዲያ ምን ርእስ አለ? የቦዳው ተወላጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ አዋሽ መግጠሙ እንዲያው ለወጉ አይመስለኝም።

እኛስ? በየከተማው አደባባይ የሲሚንቶ ጀበና እንተክላለን። ወንጪን ስንሥል ደግሞ ሐይቁ ሁልጊዜ ሰማያዊ፣ ተራራው ሁልጊዜ ለምለም ነው፤ በ2012 ወንጪ በ«ገበታ ለሀገር» ከተካተተ ወዲህ ይኸው ዓይነት ምስል በዝቷል። አንድ ጓደኛዬ «ውበት ምን አደረገህ?» አለኝ። ኧረ ምንም! እኔን የከነከነኝ በሥዕሉ ውስጥ መጋቢት የሚባል ወር አለመኖሩ ነው። ሽቅብ የታረሰው ገደል፣ ባሕር ዛፉ፣ ጄሪካን ተሸክማ የምትወጣው ልጅስ የት ሄዱ?

የሥዕል ክበባችን ግድግዳ ፈልጎ ከሆነ የሁሉቃ ድልድይ እግር አለለት። በነሐሴ አንድ መሥመር፣ በመጋቢት አንድ መሥመር፣ ውሃው የደረሰበት ላይ፤ ከጎኑ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ። አንድ ቆርቆሮ ቀለም ለብዙ ዓመት ይበቃል። የዘንድሮ መጋቢት ሳያልፍ ብንጀምረው ምናለበት?