አንድ እና አንድ ነጥብ ዜሮ

በኦፕን ሳውንድ ኮንትሮል መልእክት ውስጥ 1 እና 1.0 የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለሙያዎች በአጭሩ ኦኤስሲ የሚሉት ይህ ፕሮቶኮል የድምፅ ሶፍትዌርን ከሌላ ኮምፒውተር፣ ከታብሌት ወይም ከስልክ በኔትወርክ ለማዘዝ ያገለግላል። ማት ራይት እና ኤድሪያን ፍሪድ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1997 አቀረቡት፤ የእትም 1.0 ዝርዝር ደግሞ በ2002 ወጣ። በመልእክቱ ውስጥ በመጀመሪያ አድራሻው ይመጣል፤ «የአንደኛው ቻናል ፌደር (የድምፅ መጠን መግፊያ)» እንደማለት ነው። ቀጥሎ ከኮማ በኋላ የዓይነት ምልክት የሆነ የላቲን ፊደል ይሰፍራል። ፊደሉ «አይ» ከሆነ ተከታዩ ዋጋ ኢንቲጀር፣ ማለትም ነጥብ የሌለው ሙሉ ቁጥር ነው፤ «ኤፍ» ከሆነ ደግሞ ፍሎት፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ነው። ዋጋው ራሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ኢንቲጀሩም ፍሎቱም እኩል አራት ባይት ይይዛሉ። በዚህም ምክንያት አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ የመልእክቱ ርዝመት አይለወጥም፤ ስህተቱን ከውጭ የሚያሳብቅ ምንም ነገር አይኖርም። ኢንቲጀር 1 በኔትወርኩ ላይ 0፣ 0፣ 0፣ 1 ሆኖ ይጓዛል። ፍሎት 1.0 ግን 63፣ 128፣ 0፣ 0 ነው። ፊደሉን ሳያይ አራቱን ባይት ብቻ የሚያነብ ተቀባይ የኋለኛውን እንደ ኢንቲጀር ከወሰደው 1,065,353,216 ያገኛል። 440 ሄርትዝ በፍሎት ተልኮ በኢንቲጀር ቢነበብ 1,138,491,392 ይሆናል። በተቃራኒው ኢንቲጀር 1 እንደ ፍሎት ሲነበብ ከዜሮ የማይለይ ኢምንት ነው፤ ፌደሩ ቢገፋም ድምፅ አይሰማም።

ሰውን የሚያሳስተው ዜሮ ነው። ዜሮ በሁለቱም ዓይነት አራት ባዶ ባይት ስለሆነ ፊደሉን የማያይ ተቀባይም በትክክል ያነበዋል። ስለዚህ ቻናሉን የሚዘጋው ትእዛዝ ይሠራል፣ የሚከፍተው አይሠራም። ባለሙያው መዝጊያው ሲሠራ አይቶ ኔትወርኩ፣ ፖርቱና አድራሻው ደህና መሆናቸውን ያረጋግጣል፤ በዚህም ትክክል ነው። ከዚያ ግን ጥፋቱን በሚክሰሩ ወይም በድምፅ ካርዱ ላይ መፈለግ ይጀምራል። ጥፋቱ ያለው በአንዲት ፊደል ላይ ነው።

ሁሉም ተቀባይ ፊደሉን ችላ አይልም። ፊደሉን የሚያነቡት ሦስት ዓይነት ጠባይ አላቸው። አንዳንዱ ያልጠበቀው ዓይነት ሲመጣለት ራሱ ቀይሮ ይቀበላል። ሱፐርኮላይደር የተባለው የድምፅ ማመንጫ ፕሮግራም ሰርቨር ለአንድ ድምፅ ፍሪኩዌንሲ 440 በኢንቲጀርም በፍሎትም ቢላክለት ተቀብሎ ይሠራል፤ ብዙ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ሊብሎ የተባለው ላይብረሪም አንዱን የቁጥር ዓይነት ወደ ሌላው ይለውጣል። ይህ ቸርነት ሥራ ያቀላል፤ ነገር ግን የላኪውን ስህተት ለዓመታት ሸፍኖ ሊያቆየው ይችላል። ተቀባዩ ፕሮግራም በሌላ የተቀየረ ዕለት፣ ላኪውን ማንም ሳይነካው «ድሮ ይሠራ የነበረው» ሁሉ ይቆማል። ሌላው ተቀባይ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። ሦስተኛው፣ ጥብቁ፣ መልእክቱን እንዳለ ይጥለዋል። ኦኤስሲ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው መድረሱን በማያረጋግጠው የኔትወርክ ፕሮቶኮል በዩዲፒ ስለሆነ የተጣለ መልእክት ምላሽ የለውም፤ ላኪው ልኬያለሁ ይላል፣ ተቀባዩም አልተቀበልኩም አይልም።

ከሦስቱ ለጆሮ አደገኛው ቆራጩ ነው። ፌደር ከ0 እስከ 1 በፍሎት ይልካል እንበል። ተቀባዩ ቆርጦ ሲያነብ 0.25 ዜሮ ነው፣ 0.5 ዜሮ ነው፣ 0.99ም ዜሮ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ በድንገት 1 ይሆናል። ድምፅ የጠፋበት ሰው ፌደሩን ወደ ላይ መግፋቱን ይቀጥላልና፣ ስፒከሩ ከጸጥታ ተነስቶ በአንድ ጊዜ ሙሉ ድምፅ ይለቃል። ልክ ይህን የመሰለ ምልክት ከሌላ ምንጭም ይመጣል። ከ0 እስከ 127 የሚቆጥር የሚዲ መቆጣጠሪያን ወደ ኦኤስሲ የሚያሻግር ፕሮግራም በሲ ቋንቋ 64ን ለ127 ሲያካፍል፣ ሁለቱም ኢንቲጀር ከሆኑ ውጤቱ 0 ነው፤ 1 የሚሆነው 127 ላይ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጉዳይ ላኪው ንጹሕ ነው፣ በሁለተኛው ጥፋተኛው ላኪው ነው። ጆሮ ሁለቱን አይለይም። የሚለየው በኔትወርኩ ላይ ያለፈውን መልእክት ማየት ብቻ ነው።

የስህተቱ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የላኪው ቋንቋ ስለ ቁጥር ያለው አስተሳሰብ ነው። በፒዩር ዳታ ቁጥር ሁሉ ፍሎት ነው፤ ኢንቲጀር መላክ የፈለገ ሰው መልእክቱን በሚያዘጋጀው ሳጥን ላይ ዓይነቱን ለይቶ መጻፍ አለበት። በማክስ ከ1 ቀጥሎ የምትቀመጥ አንዲት ነጥብ ዓይነቱን ትለውጣለች። ፓይተንም 1ን ከ1.0 ይለያል። የጃቫስክሪፕት ነገር ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። በተለመደው የቁጥር ዓይነቱ 1 እና 1.0 አይለያዩም፤ ስለዚህ መልእክቱን የሚያዘጋጀው ላይብረሪ ዓይነቱን ከዋጋው ለመገመት ሊሞክር ይችላል፤ ነጥብ ካለው «ኤፍ»፣ ከሌለው «አይ» እያለ። እንዲህ ባለ ላኪ ላይ የሚወርድ ፌደር 0.03፣ 0.02፣ 0.01 እያለ በፍሎት ይመጣና የመጨረሻውን 0 በኢንቲጀር ይልካል። ጥብቅ ተቀባይ ያንን የመጨረሻ መልእክት ይጥለዋል። ፌደሩ በስክሪኑ ላይ ታች ወርዷል፤ ቻናሉ ግን 0.01 ላይ ቀርቷል፣ ጆሮ ለሰጠ ሰው ድምፁ ከሥር ይሰማል። ወደ ላይም እንዲሁ ነው፤ 0.99 ደርሶ ይቆማል። መሃሉ ሁሉ ስለሚሠራ ይህን ዓይነት ብልሽት የዓይነት ስህተት ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

አንድ መሣሪያም ቢሆን ለሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ቁጥር ይጠብቃል ማለት አይደለም። ቤሪንገር ኤክስ32 ሚክሰር የቻናልን ፌደር በፍሎት ይቀበላል፤ 0.75 ዜሮ ዴሲቤል፣ 1.0 ደግሞ 10 ዴሲቤል ጭማሪ ነው። የዚያው ቻናል መክፈቻና መዝጊያ ግን 0 ወይም 1 የሚል ኢንቲጀር ነው። በአንጻሩ ተችኦኤስሲ የተባለው የታብሌትና የስልክ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የመጀመሪያ እትም የበተን መነካትን እንኳ በፍሎት 1.0 ይልክ ነበር፤ አዲሱ እትም ዓይነቱን ለተጠቃሚው ምርጫ ትቷል። የቀረጻ ፕሮግራሙ ሪፐር ደግሞ ከዓይነቱ አልፎ መለኪያውንም በፊደል ይለያል፤ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ኤን» ከ0 እስከ 1 የተመጠነ ፍሎት፣ «ኤፍ» ደግሞ ጥሬ ዋጋ ነው።

ሁሉን ነገር ፍሎት አድርጎ መገላገልም አይቻልም። 32 ቢት ፍሎት ሙሉ ቁጥሮችን አንድም ሳይዘል የሚይዘው እስከ 16,777,216 ድረስ ነው። በሴኮንድ 48,000 ሳምፕል በሚቀረጽ ሥራ ይህ 349 ሴኮንድ ተኩል፣ ስድስት ደቂቃ ያልሞላ ጊዜ ነው። በቅጂ ውስጥ ያለ ቦታ በሳምፕል ቁጥር የሚላክ ከሆነ ከዚያ በኋላ ጎዶሎ ቁጥሮች ይጠፋሉ፤ ለቦታ ኢንቲጀር ግድ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ከሊብሎ ጋር የሚመጣው ኦኤስሲደምፕ በአንድ ፖርት ላይ የደረሰውን መልእክት ከነዓይነቱ ፊደል ያሳያል፤ ጓደኛው ኦኤስሲሴንድ ፊደሉን ሰው ራሱ መርጦ እንዲልክ ያስችላል። በመጀመሪያ ላኪው ወደ ኦኤስሲደምፕ ይዞራል፣ ፌደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳል፣ ፊደሉ በመንገድ ላይ ይለወጥ እንደሆነ ይታያል። ከዚያ በኦኤስሲሴንድ ወደ ተቀባዩ ይላካል። 0 ለፈተና አይበቃም። 0.5 ቆራጩን ያጋልጣል፤ 1 በ«አይ»ም በ«ኤፍ»ም ሲላክ ጥብቁንና ፊደል የማያነበውን ያጋልጣል። የእያንዳንዱ አድራሻ ፊደልና የዋጋው ወሰን በወረቀት ይሰፍራል። ላኪው ላይ ዓይነቱ ለግምት ሳይተው በግልጽ ይጻፋል፤ ተቀባዩ የራስ ሥራ ከሆነ፣ የድምፅ መጠን ከመሆኑ በፊት ዋጋው ከ0 እስከ 1 ካለው ወሰን እንዳይወጣ ይገደባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ፣ የድምፅ ማሳያው መርፌ ብቻ እየታየ ነው። መርፌው ፌደሩን ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይዘል ከተከተለ አምፕሊፋየሩ ይበራል።