ከመሥሪያ ቤት ውጭ የተሠራ ግጥም

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ቢሮዎችን ካዘጋ ወዲህ «ሥራ ከቤት ይሻላል ወይስ ከቢሮ?» የሚለው ክርክር በየአገሩ አልተቋጨም። ተከራካሪዎቹ የሚያነሡት የትራንስፖርት ወጪን፣ የባከነ ሰዓትንና የአለቃን ዓይን ነው። የሥራው ጠባይ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የሐርጌሳ ኪነት ይህን ጥያቄ ከአርባ ዓመት አስቀድሞ ገጥሞታል።

በ1940ዎቹ፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን የተቋቋመው ሬዲዮ ሐርጌሳ ለከተማዋ ከያንያን መሥሪያ ቤታቸው ነበር። (አማርኛው ሥራንና ቤትን በአንድ ስም ማጣመሩን ልብ ይሏል።) ኦስቲናቶ ሬከርድስ የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን የሶማሊኛ ዘፈኖች ሰብስቦ በ2017 ያወጣውን አልበም ያደመጠ፣ በአንድ ክፍል አብሮ መሥራት ምን እንደሚያፈራ ይረዳል። ድምፃዊቷ ስንኟን ስታሳርፍ መሣሪያዎቹ ይቀበሏታል፤ ትንፋሽ ስትስብ ይጠብቋታል። ይህ መናበብ ተጫዋቾቹ በየቤታቸው ተቀምጠው የሚገኝ አይደለም።

ነገር ግን መሥሪያ ቤት በር አለው፤ በር ደግሞ በረኛ። በ1969 ሥልጣን በያዘው በዚያድ ባሬ አገዛዝ ሬዲዮው የሚያሰማው መንግሥት የፈቀደውን ብቻ ነበር። ታላቁ ገጣሚ መሐመድ ኢብራሂም ወርሰሜ «ሐድራዊ» ከ1973 እስከ 1978 የታሰረው በሥራዎቹ ምክንያት ነው። በ1979 መሐመድ ሐሺ ዳማዕ «ጋሪዬ» ጎሰኝነትን የሚሞግት ግጥም ሲገጥም፣ ሐድራዊ በግጥም መለሰለት፤ ሌሎች ብዙዎች ተከተሉ። «ዴሌይ» የተባለው ይህ ቅብብል የሬዲዮ ፈቃድ አልጠየቀም። በካሴት እየተቀዳ፣ እየተባዛ፣ ከሳሎን ሳሎን፣ ከከተማ ከተማ ተዳረሰ።

የዴሌይ ብልሃት ቅርጹ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኝ መድረሻ ሲሆን፣ የሶማሊኛው ግን በቃል መነሻ ድምፅ ነው። በዴሌይ ውስጥ ሁሉም በ«ደ» ይገጥማል። ካሴቱ ከሳምንት በኋላ የደረሰው ገጣሚ ማንም ሳይቆጣጠረው ከቅብብሉ አይወጣም፤ ፊደሏ ራሷ አለቃው ናትና። መልሱም ቢዘገይ ግጥሙ አይጎዳም፤ እንዲያውም ይበስላል። ዘፈን ይህን ዕድል አያገኝም፤ ኡዱ ሳምንት ቆይቶ ድምፃዊቷን ሊቀበላት አይችልም። ክርክሩን ሁሉ በአንድ ሚዛን የሚመዝኑ ሰዎች የሚስቱት ይህንን ነው።

በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ ሬዲዮው እንደሚመታ አስቀድመው የጠረጠሩ ሠራተኞች ቅጂዎቹን አሽሽተው ነበር፤ ከፊሉ መሬት ውስጥ ተቀበረ፣ ከፊሉ ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከአሥር ሺህ በላይ ካሴቶች ይገኛሉ። ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ድምፁ ይሻክራል፤ ያም ሆኖ ግጥሙ ከሽክርክሪቱ ጀርባ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዘፈኑ ግን ብዙ ነገር ይጎድላል።

የተጎዳው የኅብረቱ ሥራ ስለሆነ ነው ድምፃዊት ሳህራ ሐልጋን ከፈረንሳይ ተመልሳ በሐርጌሳ «ሂዶ ዳውር»ን የከፈተችው። ከጦርነቱ በኋላ ሙዚቀኞች እንደገና ፊት ለፊት ተቀምጠው በአድማጭ ፊት የተጫወቱበት ክፍል ነው።